አቡነ ቴዎፍሎስ

ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ (1902–1971 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ ነበሩ። ከመጵጰሳቸው በፊት ስማቸው መልእክቱ ወልደ ማርያም ይባል ነበር። የተወለዱት ጎጃም ውስጥ ደብረ ኤልያስ ነው። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ የሐረርጌ ጳጳስ፣ ከ1963 እስከ 1968 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ሆነው አገልግለዋል። በደርግ መንግሥት ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ክረምትም በምስጢር ተገደሉ።

አቡነ ቴዎፍሎስ በታሪክ ይበልጥ የሚታወሱት የቤተ ክርስቲያኒቱን አስተዳደር ለማደስ ባደረጉት ጥረት ነው። በቤተ መንግሥቱና በመሬቷ ላይ ተደግፋ ለዘመናት የኖረችው ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ብታጣ በምን ትቆማለች የሚለው ጥያቄ የዘመናቸው ዋና ጥያቄ ነበር። በእርሳቸው ፕትርክና የታወጀው የሰበካ ጉባኤ ሕግ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ሆኖ ይቆጠራል።

ልደትና ትምህርት

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ፣ የወረዳው መሬት ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድበት አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው በነቢዩ ኤልያስ ስም ከተተከለው ደብር ነው። በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ የታወቁ የትምህርት ቦታዎች እንደ ነበሩ ሁሉ፣ በዚህኛው ወገን ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርቷ ስመ ጥር ነበረች። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ ተምረዋል። እርሳቸውም እንደ አቡነ ቴዎፍሎስ የ1902 ዓ.ም. ልጅ ናቸው።

መልእክቱ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኙት በዚሁ በትውልድ ቦታቸው ነው። የአብነት ትምህርት በንባብ ይጀምራል፤ ከዚያ በዜማ፣ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ተማሪው በደበሎ፣ በትንሽ ጎጆና በለመነው ቁራሽ እየኖረ ዓመታት ያሳልፋል። መምህሩና የደብሩ አገልጋዮች ግን የሚኖሩት በዋናነት ከመሬት በሚገኝ መተዳደሪያ ነበር። ቀዳሹ የቄስ መሬት፣ ደብተራው የደብተራ መሬት ነበረው፤ ያገለገለ ይይዘዋል፣ ያላገለገለ ይለቀዋል። ጉባኤ ቤቱም ማሕሌቱም በዚህ ሥርዓት ላይ የቆሙ ነበሩ። መልእክቱ ያደጉት ይህን እያዩ ነው።

ከዚያ በኋላ ትምህርታቸውን ለመቀጠል ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። መንኩሰው በቤተ ክህነት አገልግሎት ላይ ሳሉ ለጵጵስና ተመረጡ።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ሁኔታ በዘመኑ

መልእክቱ በተወለዱበት ጊዜ ኢትዮጵያ ከራሷ ልጆች ጳጳስ አልነበራትም። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሱ ከግብፅ እየመጣ፣ አገሬው ደግሞ በእጨጌውና በአለቆቹ እየተዳደረ ኖሯል። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በጳጳስነት ተሾሙ። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣልያን ጦር አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። በሚቀጥለው ዓመት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ።

ከነፃነት በኋላ ሁለት ለውጦች ጎን ለጎን ሄዱ። አንደኛው ከእስክንድርያ መንበር ጋር የተደረገው ረጅም ድርድር ነው። ሁለተኛው መንግሥት የቤተ ክህነትን አስተዳደርና ገቢ ወደ ማእከል ለመሰብሰብ ያደረገው ጥረት ነው። በ1935 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ድንጋጌ የቤተ ክርስቲያኒቱን የገንዘብ አያያዝ በማእከል ለማዋቀር የሞከረ ሲሆን የካህናት ዳኝነትን ሥልጣንም ወሰነ። በዚሁ ዓመት ገደማ በአዲስ አበባ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ይህም በኋላ ወደ ኮሌጅነት አድጎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣመረ።

ይሁንና የለውጡ መሠረት ጠባብ ነበር። ለውጡ የሚመጣው ከላይ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ነው። በየአጥቢያው ያለው ምእመን ልጁን ያስጠምቃል፣ ተዝካር ያወጣል፣ አሥራት በኵራት ይሰጣል፤ በደብሩ አስተዳደር ግን ድምፅ አልነበረውም። ደብሩን የሚያስተዳድሩት አለቃውና ገበዙ ነበሩ።

የሐረርጌ ጳጳስ

ሐምሌ 18 ቀን 1940 ዓ.ም. አምስት ኢትዮጵያውያን ካይሮ ላይ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአቡነ ዮሳብ ካልእ እጅ ተሾሙ። ዋናው በኋላ የመጀመሪያው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ባስልዮስ ነበሩ። መልእክቱም ቴዎፍሎስ ተብለው የሐረርጌ ጳጳስ ሆኑ።

ሐረርጌ ከጎጃም በጣም የተለየ አገር ነው። በጎጃም ቤተ ክርስቲያን የሌለበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል፤ በሐረርጌ ግን ከሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶችም ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ከፍተው ይሠሩ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ አገልግሎት ለጥንታዊው ክብር ብቻ ሊተው አይችልም፤ መስበክ፣ ማስተማርና ማደራጀት ይጠይቃል። ጳጳሱም በእነዚህ ላይ በማተኮር ታወቁ።

በዚህ ጊዜ አቡነ ቴዎፍሎስ ከአገር ውጭ ያለውን ዓለም ለማየት ዕድል አገኙ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በ1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የተቋቋመው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት መሥራች አባል ናት። አቡነ ቴዎፍሎስም በምክር ቤቱ ጉባኤዎች ቤተ ክርስቲያኒቱን ከወከሉት አንዱ ነበሩ። በ1951 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ ሄደው በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንዲጀመር አደረጉ። በካሪቢያን አገሮች ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች የተላከው አገልግሎት በኋላ ወደ ጃማይካም ደረሰ። እዚያ መሬትም ጉልትም የለም፤ ቤተ ክርስቲያን የምትኖረው አባላቷ በሚያዋጡት ገንዘብና ጉልበት ብቻ ነው።

በዚያው ጊዜ የግብፅ ኮፕቲክ ቤተ ክርስቲያን ተመሳሳይ ጥያቄ ነበረባት። በግብፅ ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ንብረት አስተዳደር የሚካፈሉበት ምክር ቤት ነበር። ሀቢብ ጊርጊስ የተባሉት መምህር ያስፋፉት የሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ አዲስ ትውልድ መነኮሳትና ጳጳሳት አፍርቷል። የኢትዮጵያ ቤተ ክህነት ሰዎች ይህን በቅርብ ያውቁት ነበር።

ፓትርያርክነት

ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። በመጨረሻ ዘመናቸው ሕመም ስለ ጸናባቸው ብዙው ሥራ በአቡነ ቴዎፍሎስ ላይ ወደቀ። አቡነ ባስልዮስ ጥቅምት 1963 ዓ.ም. ሲያርፉ አቡነ ቴዎፍሎስ መንበሩን በተጠባባቂነት ያዙ። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ማእከላዊ ኮሚቴ በጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰብ አስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያን የምትመራው በእርሳቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ተመርጠው ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዓለ ሢመታቸው ተፈጸመ። የእርሳቸው ሹመት ከቀደመው የሚለየው ካይሮ ላይ ሳይሆን በአገር ውስጥ፣ በኢትዮጵያውያን ሊቃነ ጳጳሳት እጅ የተፈጸመ በመሆኑ ነው። ከእስክንድርያ ጋር ለትውልዶች የተደረገው ድርድር ፍሬ በእርሳቸው ታየ። ከዚህ በኋላ የቤተ ክርስቲያኒቱ ድካምም ብርታትም የራሷ ነበር።

ሰበካ ጉባኤና ቃለ ዓዋዲ

በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው ሕግ ታወጀ። የግእዙ ስም የዐዋጅ ነጋሪ ድምፅ እንደ ማለት ነው። ሕጉ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም ያዛል። ጉባኤው የአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች የሚወከሉበት ሲሆን የደብሩን ገቢና ወጪ ይቆጣጠራል፣ አባላትን ይመዘግባል፣ የአገልጋዮችን መተዳደሪያ ያስባል። ከአጥቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ሀገረ ስብከት፣ ከዚያም ወደ መንበረ ፓትርያርክ የሚደርስ ሰንሰለትም ተዘረጋ።

ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከባድ ለውጥ ነበር። ቀድሞ ምእመን ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው በስለት፣ በመባና በልማድ ነበር፤ አሁን የተመዘገበ አባል ሆኖ በየጊዜው አስተዋጽኦ የሚከፍልና ገንዘቡ የት እንደ ገባ የሚጠይቅ ሆነ። ቀድሞ የደብሩ አለቃ ተጠሪነቱ ለሾመው ብቻ ነበር፤ አሁን ሒሳብ የሚያይ ጉባኤ በአጠገቡ ተቀመጠ። ስለዚህም ሕጉ በአንድ ጊዜ ተቀባይነት አላገኘም። በብዙ ቦታዎች፣ በተለይ ደብሩ የሚበቃ መሬት ባለው ስፍራ፣ አዲሱ ጉባኤ እንደ ትርፍ ነገር ታይቶ ነበር።

ትምህርት፣ ስብከትና ልማት

የአቡነ ቴዎፍሎስ እድሳት በሃይማኖት ትምህርት፣ በጾምና በምሥጢራት ላይ ያነጣጠረ አልነበረም። ዶግማው እንደ ነበረ ሆኖ የሚያስተምረው ሰውና የሚያስተዳድርበት መንገድ እንዲለወጥ ነው የፈለጉት። ለዚህም በየቦታው ያሉ ካህናት ከአብነቱ ትምህርት በተጨማሪ የስብከት ዘዴ፣ የአስተዳደርና የዘመናዊ ትምህርት ዕውቀት የሚያገኙባቸው ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው የሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ማሠልጠኛ የዘመናቸው ሥራ ነው።

በከተማ ያሉ ተማሪዎች ከቤተ ክርስቲያን እንዳይርቁ የሰንበት ትምህርት ቤቶች እንዲስፋፉ ተደረገ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያቋቋሙት ሃይማኖተ አበው ማኅበርም ድጋፋቸውን አግኝቷል። በአማርኛ መስበክና ማስተማርም በረታ። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና የተራድኦ ድርጅት የውኃ፣ የእርሻና የርዳታ ሥራ እንዲሠራ የታሰበ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የወሎና የትግራይ ረኃብ ደረሰ።

አብዮቱና የመሬት ዐዋጅ

መሬትን የሚነካ ለውጥ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ በፓትርያርኩ የትውልድ አገር አስቀድሞ ታይቷል። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ሸፍተው መንግሥት ጦር እስከ ማዝመት ደርሶ ነበር። ቤተ ክህነትም በእጇ ያለውን መሬት በፈቃዷ ለማስተካከል አልተነሣችም። ፓትርያርኩ ያዘጋጁት ሌላ የገቢ መንገድ እንጂ የመሬት እድሳት አልነበረም።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ጥያቄው ወደ ቤተ ክህነት ግቢም ገባ። የአዲስ አበባ ካህናት ደመወዛቸው እንዲሻሻል ጠየቁ። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት እንዲከበር ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ አደረጉ። በክረምቱ የቀረበው ረቂቅ ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱ ከመንግሥት ጋር የነበራትን ልዩ ግንኙነት ሲያስቀር ፓትርያርኩና ሲኖዶሱ ተቃወሙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በልማድ የአገሩ ሲሶ የእርሷ ነው እስከ መባል የደረሰውን መሬቷንና የኪራይ ገቢዋን በወራት ውስጥ አጣች። የቄስ መሬት፣ የደብተራ መሬት የሚባለው ነገር ቀረ። እንደ ደብረ ኤልያስ ያሉ የጉባኤ ቤቶች መምህራንም የቆሙበት መሠረት ተናደ። መንግሥት ለማካካሻ የተወሰነ ድጎማ ቢመድብም የጠፋውን የሚተካ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው ቃለ ዓዋዲ ዋጋው የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ትርፍ ይመስል የነበረው ሰበካ ጉባኤ ለብዙ አድባራት ብቸኛው መተዳደሪያ ሆነ።

ከመንበር መነሣትና ሞት

ፓትርያርኩ በ1968 ዓ.ም. ሦስት ኤጲስ ቆጶሳትን የመንግሥትን ፈቃድ ሳይጠይቁ ሾሙ። እነርሱም አቡነ ባስልዮስ፣ አቡነ ጴጥሮስና በኋላ አምስተኛው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ተለይታለች ከተባለ ሹመት የሲኖዶስ ጉዳይ ነው የሚል ትርጉም ያለው እርምጃ ነበር። ደርግ ግን ይህን እንደ ተቃውሞ አየው። በየካቲት ወር አቡነ ቴዎፍሎስ በሙስናና ከቀድሞው ሥርዓት ጋር በመተባበር ተከሰው ከመንበራቸው ተነሡ፤ ታሰሩም። ሦስቱ ኤጲስ ቆጶሳትም ወደ እስር ቤት ገብተው ለዓመታት ቆዩ።

ነሐሴ 23 ቀን 1968 ዓ.ም. በወላይታ በብሕትውና ይኖሩ የነበሩት አባ መላኩ ወልደ ሚካኤል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሦስተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። የእስክንድርያ ሲኖዶስ ፓትርያርክ በሕይወት ሳለ ሌላ አይሾምበትም በሚለው ቀኖና መሠረት አዲሱን ሹመት አልተቀበለም። በዚህም የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ግንኙነት ሻከረ።

አቡነ ቴዎፍሎስ ለፍርድ ሳይቀርቡ ከሦስት ዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ታንቀው ተገደሉ። የተቀበሩት አዲስ አበባ ውስጥ በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ነው። በዚያው ክረምት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተይዘው ተገድለዋል። የፓትርያርኩ ሞት ለሕዝብ አልተነገረም፤ ዕጣቸው የተረጋገጠው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው ወጥቶ በሥርዓተ ጸሎት እርሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። ግድያቸው በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በቀረበው ክስ ውስጥ ተካትቶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በ1999 ዓ.ም. ተከሳሾቹን ጥፋተኛ ብሏል።

ከእርሳቸው በኋላ

ቃለ ዓዋዲ ከደራሹ ጋር አልወደቀም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደርግ ዘመን ሁሉ ሰበካ ጉባኤ እንዲስፋፋ አደረጉ፤ ሕጉም በየጊዜው እየተሻሻለ እስከ ዛሬ የቤተ ክርስቲያኒቱ አስተዳደር መሠረት ሆኗል። የመንበረ ፓትርያርክ አጠቃላይ ሰበካ ጉባኤ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ይሰበሰባል። በአሜሪካና በአውሮፓ ስደተኞች የሚያቋቁሟቸው አድባራትም በአባላት መዋጮ የሚኖሩ ናቸው። ደርግ የቅድስት ሥላሴን ኮሌጅ ቢዘጋም በዝዋይ የተጀመረው ሥልጠና በአቡነ ጎርጎርዮስ ሥር ቀጥሎ ኋላ ማኅበረ ቅዱሳንን የመሠረቱትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያስተማረ ቦታ ሆነ።

በሕይወት ያለ ፓትርያርክን ማንሣትም እንዲሁ ቀጠለ። በ1983 ዓ.ም. አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበሩ ሲለዩና በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ሲተኩ፣ በ1968 የተነሣው ጥያቄ እንደገና ተነሣ። በአገር ውስጥና በስደት የነበሩት ሁለት ሲኖዶሶች የታረቁት በ2010 ዓ.ም. ነው።

የአቡነ ቴዎፍሎስ ሥራ ሲመዘን ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። አንዱ ወገን ቤተ ክርስቲያኒቱ መሬቷን አጥታ ያልተበተነችው ፓትርያርኩ አስቀድመው ወደ ምእመናኗ ስለ መለሷት ነው ይላል። ሌላው ወገን ለውጡ ዘግይቶ የመጣ፣ ከቤተ መንግሥቱ ጥላ ያልወጣ፣ የገጠሩን ካህንና የአብነት ተማሪውን ችግር ያልፈታ እንደ ነበር ያነሣል። ለሁለቱም ማስረጃ አለ። አጥቢያው በሰበካ ጉባኤ ቆሟል፤ የአብነት ጉባኤ ቤቱ ግን የመሬቱን ምትክ ሙሉ በሙሉ አላገኘም። በከተማ ያለ ደብር በአባላቱ መዋጮ ሲበለጽግ፣ መልእክቱ ወልደ ማርያም ፊደል በቆጠሩበት ዓይነት የገጠር ጉባኤ ቤት ያለ መምህርና ተማሪ ዛሬም የሚኖረው ከመንደሩ በሚያገኘው ቁራሽና በጎ አድራጊ በሚልክለት ርዳታ ነው።